ማ ጆግሳቶ

ሂቦ የፀጉር ቀለም ስትበጠብጥ አሞኒያው ሽቅብ ይወጣና ዓይን ያስለቅሳል። ጅጅጋ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷም ጠባብ። ሽታው ሲነሳ ጓንት ባጠለቀው እጇ መስኮቱን እየገፋች «ቲቸር ግርማ መጣ» ትላለች። ደንበኞቿ ማን እንደሆነ አያውቁም። እኔ ግን አብሬያት ስለተማርኩ አውቃለሁ። እሷ ትስቃለች፤ እኔ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ቲቸር ግርማ አስራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማረን ሰው ነው። እንደ መመሪያው ከሆነማ አስተማሪያችን እሱ ሳይሆን ፕላዝማው ነበር፤ ከብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ትልቅ ቴሌቪዥን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይንበለበላል። እዚያ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ሙዚቃ ታሰማለች። ከዚያ ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች። ማንን ነው ቬሪ ጉድ የምትለው? ክፍል ሙሉ ልጅ አፉን ከፍቶ ያያታል። የቲቸር ግርማ ሥራ ሳጥኑን መክፈት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ማውራትና መልሶ መቆለፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰን ሰው የቴሌቪዥን ዘበኛ አደረጉት።

በምደባ ከመሃል አገር የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። የነጭ ጋዋኑ ኪስ ሁልጊዜ ጠመኔ በጠመኔ ነው። ሱማሌኛውን የለቀመው ገበያ ውስጥ በቲማቲምና በሩዝ ዋጋ ሲከራከር ስለሆነ በወንድ ፆታ የሚነገረውን ቃል ሁሉ ሴት ያደርገዋል። መጀመሪያ ላይ እንደታዘዘው ሳጥኑን እየከፈተና እየቆለፈ ከረመ። ኋላ «ኢኩሊብሪየም» የሚባለው ትምህርት መጣ። ፕላዝማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሄዱ ቀስቶች አሳይቶን እንዳበቃ ቲቸር ግርማ ምን እንደገባን ጠየቀ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ «ሚዛን» አልን፤ እነ ሂቦም «ሚሳን» አሉ፣ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው።

«ሚዛን ሲስተካከል ምን ይሆናል?»

«ይቆማል!» አልነው በአንድ ድምፅ።

ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያጋጨው የጠመኔው ብናኝ ፊቱን አለበሰው። «ሚዛን የምትል ቃል ሁለተኛ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳልሰማ» አለ።

በማግስቱ ፕላዝማውን አጠፋው። ወደ መስኮቱ ጠርቶ የካራማራን ተራራ አሳየን። ከባቢሌ የተነሱት አይሱዙዎች በዚያ ተሻግረው ይገባሉ፣ ሌሎቹ በዚያው ይወጣሉ። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ከሆነ የከተማው መኪና አይጨምርም፣ አይቀንስም። «ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ግን መንገዱ ቆሟል?» አለና ራሱ በሱማሌኛ መለሰ፤ «ማ ጆግሳቶ።» የኬሚካሎቹ ሪአክሽንም እንደዚያው አትቆምም ማለቱ ነው፣ በሴት አንቀጽ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሪአክሽን በሱማሌኛ ወንድ ስለሆነ «ማ ጆግሳዶ» ነው የሚባለው ብለው እነ ሂቦ አረሙት። «ወንድም ሆነ ሴት ያው አይቆምም! እሱን ያዙልኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ፕላዝማው ብዙ ቀን ጠፍቶ ይውል ነበር። አሞኒያ ላይ ስንደርስ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰደን። አፍንጫችንን ይዘን ዓይናችን እያነባ ቆመን፣ ፋብሪካ ይህንኑ ነገር ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን እንደሚሠራው፣ ገበሬው የሚበትነው ዩሪያም ከዚህ እንደሚመጣ ነገረን። ግፊት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳን በሚኒባስ ነው፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል አራት የነበሩት የጋዝ ሞለኪውሎች ተጣምረው ሁለት ይሆናሉ። ዓይናችን ለምን እንደሚያነባ ሂቦ ጠየቀችው። «አሞኒያና ውሃ ይሳሳባሉ። ዓይንሽ እርጥብ ነው፣ ስለዚህ ይገባል» አላት። ሂቦ ፋርማሲስት መሆን ትፈልግ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

ማን እንደነገረ አላውቅም፣ የትምህርት ቢሮው ሱፐርቫይዘር አንድ ጠዋት ሳይታሰብ ገባ። ፕላዝማው ጠፍቷል፣ ሰሌዳው ላይ የካራማራ መንገድ ተስሏል። ፊት የተቀመጠችውን ሂቦን አስነስቶ፣ ሪአክሽን ኢኩሊብሪየም ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ጥያቄው ገብቷታል። ደንግጣ የመጣላትን ተናገረች፤

«ማ ጆግሳቶ።»

ሰውዬው ፈገግ አለ። አፉን የፈታው በሱማሌኛ ነው፤ ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች ልጅ እንዲህ እንደማትሳሳት ያውቃል። ወደ መምህራችን ዞሮ «አቶ ግርማ፣ ይህቺ የእርስዎ ሱማሌኛ ናት አይደል?» አለ። ከዚያ ሂቦን «በእንግሊዝኛ» አላት። ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ወደተሳለው መንገድ አዞረች። «አታውቅም» ብሎ ወጣ።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መልሱ ትክክል ነበር፣ እሱም ሰምቶታል፣ ገብቶታል። እየገባው ነው አታውቅም ያለው።

ግምገማ ላይ ቲቸር ግርማን መምህራኑ ሁሉ ባሉበት አቆሙት። ፕላዝማ አጥፍቷል፣ በተከለከለ ቋንቋ አስተምሯል ተባለ። እኛን ለፈተና እንዲያደርሰን ብቻ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲተዉት ለመነ አሉ። እንቢ አሉት። ሸደር ወደሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዛወሩት፤ ኬሚስትሪ በሌለበት ቦታ። የሳጥኑን ቁልፍ ሌላ ሰው ያዘ፣ ሴትዮዋም ተመልሳ ቬሪ ጉድ ትለን ጀመር። የሂቦ ውጤት ለፋርማሲ ሳይበቃ ቀረ። ቬሪ ጉድ!

ባለፈው ቅዳሜ ቀለሙን ስትቀባኝ አላስቻለኝም። «እንዴት ትስቂያለሽ? አንቺስ ንዴቱ ወጣልሽ?» አልኳት።

ብሩሹን ሳህኑ ላይ አሳረፈች። በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን አየሁት፤ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረውም።

«ማ ጆግሳቶ» አለችኝ። ያፏ መፍቻ ቋንቋዋ ነው፤ እስከ ዛሬ አላረመችውም።