ለመለኪያው የጎደለው ዕቃ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን በጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ሐኪሙ» ነው የሚሉት። ሌላው ባለሙያ መኪና ሲመጣለት መፍቻ ይዞ ይሮጣል። እሱ ግን መጀመሪያ ባለመኪናውን ቁጭ አድርጎ «መቼ ጀመራት? ጠዋት ይብስባታል ወይስ ከሰዓት?» እያለ ይጠይቃል። እጁን ወደ ሽቦው የሚሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ አጥብቆ የያዘው አባባል አለው፤ «ሽቦ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይላል። ይህን ሲናገር ደረቱ ነፋ ይላል።

ደረት ኪሱ ውስጥ ግን ባለቤቱ በየጠዋቱ የምትከትለት የንባብ መነጽር አለ። ያንን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። ቀጫጭን ሽቦ መለየት ሲያቅተው ብሎን የወደቀበት መስሎ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ይገባል፤ እዚያ መነጽሩን ያጠልቃል፣ ሽቦውን ያያል፣ መነጽሩን ኪሱ ይመልስና ብቅ ይላል። የጋራዡ ሰው ምሥጢሩን ስላላወቀ «ሐኪሙ ሲከብደው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ያስባል» ይል ነበር። እሱም አላስተባበለም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የጋሼ ሚዛን መኪና ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሳ መጣች።

ጋሼ ሚዛን ጡረተኛ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን ሲቆጣጠሩ ስለኖሩ ነው። የቀናውን ማኅተም ይመቱበታል፤ የተንጋደደውን በሕዝብ ፊት ይወርሱታል። መኪናቸው አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ዓይኖቿ ክብ፣ ቀለሟ የወተት፣ ከልጃቸው በዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት ናት። ነዳጅ የሚቀዱላት በጥቂት በጥቂቱ ነው። «ሙሉ ታንከር የሚሞላ ሰው ወይ እየሸሸ ነው ወይ ሊሸሽ አስቧል» ይላሉ።

ታዲያ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነዳጅ አልቆባቸው መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። «መለኪያው ሩብ አለ እያለኝ ቆመች» አሉ በመጀመሪያው ጊዜ። ሐኪሙ ከታንከሩ የሚመጣውን ሽቦ ቀየረ። በሁለተኛው ጊዜም ያንኑ ቃል ሲደግሙለት መለኪያውን ነቅሎ ጣለና ከተጣለች የእሷው ቢጤ አሮጌ መኪና ሌላ ፈልጎ ገጠመ። ሁለቱንም ጊዜ በጋሼ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ ወደ ዳሽቦርዱ አየ፤ «አሁን ሠርቷል» ብሎም አሰናበታቸው። በሚዛን ተቆጣጣሪ ቃል ላይ ማን ይጠራጠራል?

ዛሬ ልጃቸው አብራ መጥታለች። ሦስቱንም ጊዜ ጄሪካን ተሸክማ ከሥራዋ የሮጠችው እሷ ናት።

«አባዬ፣ እኔ እንግዲህ በቃኝ» አለች። «ዛሬ ካልተሠራች ቅዳሜ ገዢው ይመጣል። ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

ጋሼ ሚዛን የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ አደረጉት።

ቦዲ ቀጥቃጩ መዶሻውን አሳረፈና ከወዲያ ማዶ ጮኸ፤ «ሐኪሙ! በሽተኛዋ ዛሬም ተመላሽ ናት? ሳጥን ልቀጥቅጥላት እንዴ?»

«አንተ የምትቀጠቅጠውማ ሳጥን ቢሆን ሬሳውም ይጎረብጠዋል» አለው ሐኪሙ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገለበጠ፤ ብሎኖቹን ፈታና ታንከሩ ውስጥ የሚቀመጠውን ተንሳፋፊ ከነሽቦው አወጣው። ሥራው ቀላል ነው፤ ነዳጁ ከፍ ሲል በክንዱ ጫፍ ያለው ኳስ ይነሳል፣ ሲጎድል ይወርዳል፤ የዳሽቦርዱ መርፌም ይከተለዋል። ሐኪሙ ኳሱን በእጁ ሊያንቀሳቅሰው፣ ጋሼ ደግሞ ከፊት ተቀምጠው መርፌውን ሊያነቡለት ተስማሙ።

ኳሱን ወደ ላይ አነሳው።

«ሙሉ!» አሉ ጋሼ።

እስከ መጨረሻው አወረደው።

«ሩብ!»

«ሩብ? ጋሼ፣ ደህና አድርገው ይዩት።»

«ሩብ አልኩህ! ሠላሳ አንድ ዓመት መርፌ ሳይ የኖርኩ ሰው መርፌ ታስተምረኛለህ?»

ሐኪሙ ኳሱን እዚያው ታች እንዳለ ትቶት «አሁንስ?» አለ።

«አሁንማ እየወጣ ነው። ግማሽ ሊደርስ ነው!»

ሐኪሙ ቦታ እንዲለዋወጡ ጠየቃቸው፤ ጋሼ ኋላ ሄደው ኳሱን ያዙ። እሱ ሽቦ የሚመረምር መስሎ ከመሪው ሥር አቀረቀረና መነጽሩን አጠለቀ። መርፌው ባዶው ላይ ተጋድሟል። «ያንሱት!» አለ። መርፌው ቀስ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ፣ እስከ ሙሉ ወጣ። «ያውርዱት!» ወረደ።

መለኪያው ደህና ነው። ያ ነቅሎ የጣለው መለኪያም ደህና ነበር፤ ሽቦውም እንደዚሁ። ሁለት ጊዜ በጋሼ ትከሻ ላይ ዘንበል ሲል ያየው ነጭ ክብና በመሀሉ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ መሆኑ አሁን ትዝ አለው። አንዱ ያላየውን ነገረ፤ ሌላው ሳያይ ማኅተም መታበት።

እውነቱን ቢናገር፣ ልጅቱ «ዓይኑ የደከመ ሰው መኪና አይነዳም» ትላለች። ዝም ቢል፣ መኪናዋ አልተሠራችም ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ መኪናዋ ቅዳሜ ትሸጣለች።

ከመሪው ሥር ሲወጣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። ረስቶት ይሁን አውቆ፣ ዛሬም ቢጠየቅ አይመልስም።

«እግዚኦ! ሐኪማችን አያት ሆነ!» አለ ቦዲ ቀጥቃጩ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ።

ሐኪሙ ፊቱ ቢቀላም መነጽሩን በእርጋታ አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ከዚያም ከመለኪያው አጠገብ ካለው ማብሪያ ላይ አንጠለጠለው።

«ጋሼ፣ ዕቃ ጎድሎት ኖሯል» አለ። «ይኸ የመለኪያው ዕቃ ነው። ነዳጅ ለማየት ብቻ፣ መኪናዋን አቁመው ነው የሚያደርጉት። ሲነዱ አያስፈልግም።»

ልጅቱ አባቷን አየች፣ ሐኪሙን አየች። «መንገዱስ?» አለች ዝግ ብላ።

ጋሼ ሚዛን ቀና አሉ። ከጋራዡ በር ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር የቆመ የጭነት መኪና ነበር። የሰሌዳ ቁጥሩን አንድም ሳያስቀሩ አነበቡት። «ሹፌሩ ደግሞ አልተላጨም» ሲሉ ጨመሩበት።

ከዚያ ገብተው ተቀመጡና መነጽሩን አደረጉት። ወደ መርፌው ጎንበስ አሉ።

«ባዶ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ወዲያው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ወይ አንተ ሰው! ይህን ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ብትገጥመው ኖሮ እኔም ባልተንከራተትኩ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ» አለ ሐኪሙ።

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ስልኳን አወጣች። «ገዢው ቅዳሜ እንዳይለፋ ልንገረው» አለች።

መኪናዋ ከነመነጽሩ ወጣች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሐኪሙ ማንም ያልደረሰበትን ብልሽት እንዳገኘ በሰፈሩ ተወራ።

ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ መብራት መጣለት፤ ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች። ልማድ ሆኖበት ጠረጴዛው ሥር ገባና እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ባዶ ነው። እዚያው እንደተቀመጠ ጥቂት አሰበ።

«ስማ» አለ ወደ ቦዲ ቀጥቃጩ፣ «እስቲ ይችን ሽቦ እያት፤ ቀይ ናት ቡናማ?»

«ምን እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለ ቀጥቃጩ መዶሻውን ሳያቆም። «ሽቦ አይዋሽም አላልክም? ራሷን ጠይቃት።»