እማዬ በእንዶድ የፈተገችኝ ሰሞን

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ አንሶላ መጭመቅ ነበር። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጠመዘዝነው። የሚንጠባጠበውን ውሃ አየና «ሳሙናው አልለቀቀም፣ እንደገና ይለቅለቅ» አለ።

«ደከመኝ፣ ሰውዬ።»

«ስታኪ ከምታድሪ አሁን ይድከምሽ።»

በማግስቱ ሞተ። ትናንት ብቻዬን ሳጥብ የክርኔ እጥፋት በላኝ። እያከክሁ ተናደድኩ። የተናደድኩት ጥሎኝ በመሄዱ ብቻ አይደለም፤ የቆየ ንዴትም አለኝ።

ጣሊያን በገባ ዘመን፣ ኮልፌ፣ ከእማዬ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር የወታደር ሰፈር ነበርና የእነሱን ልብስ ወንዝ ወርደን እናጥብ ነበር። የሱፍ ካፖርት ውሃ ሲጠጣ እንደ ሬሳ ይከብዳል። ወሩ ኅዳር፣ ነፋሱ ደረቅ፣ ውሃው አጥንት የሚሰብር ነበር። ክንዴ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ።

ልብስ የሚረከበን አስተርጓሚ አየኝ። የአገራችን ሰው ነው፤ ባርኔጣውን ግን ከጣሊያኖቹ የበለጠ ያጋድል ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ ልጅሽ ቆማጣ ናት!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ችፌ ነው! ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲመጣ ሲሄድ የኖረ ነው።»

«ቆሻሻ! እስከ ቅዳሜ ካልዳነች ወደ ቆማጦቹ መንደር አስወስዳታለሁ።»

እዚያ የተወሰደ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

እማዬን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት «ቆሻሻ» መባሌ ነው። ጧት ማታ እንዶድ እየወቀጠች፣ አረፋውን እያስነሳች ክንዴን ትፈትግ ጀመር። ችፌም እንደ እድፍ ታጥቦ የሚለቅ መሰላት። ሲደማ «እየነጻ ነው» ትላለች። ቁስሉ ግን ሰፋ። ማክሰኞ ጧት ጣሳውን ከእጇ ነጥቄ ደፋሁት።

«ልትቀብሪኝ ነው?» አልኳት።

በጥፊ አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የነቢያት ጾም ስለነበር ቤት ውስጥ የሚቀባ ቅቤ አልነበረም። ለወጥ ካስቀመጠችው የኑግ ዘይት ቀባሁ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት፣ ወንዝም አልወርድም አልኩ። ኑግ ኑግ እየሸተትኩ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ቁስሉ ጠግጎ ነበር።

አስተርጓሚው ነጠላውን በአርጩሜው ጫፍ ገለጠና ሳቀ። «አየሽ? ስትታጠብ ዳነች! እናንተን ንጽሕና ማስተማር እኮ መከራ ነው።»

እማዬ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ።»

እዚያው ሌላ የካፖርት ጥቅል አሸከመን።

እሷ የሳመችው እንዳይወስዱኝ ብላ ነው፤ ገብቶኛል። እሱን ግን ዛሬም አልማርኩትም። ስንቱን ቆዳ እንዲህ እየገለጠ ፈርዶበት ይሆን?

ችፌው አብሮኝ አርጅቷል። ሱፍ ይቀሰቅሰዋል፣ ብርድ ይቀሰቅሰዋል፤ ሐዘንም እንደሚቀሰቅሰው ዘንድሮ አወቅኩ። የጥቁር ልብስ ማቅለሚያማ አንገቴን ይልጠዋል። ለቀስተኞቹ «ባልሽ ሞቶ ጥቁር ሳትለብሺ?» ይሉኛል። ክንዴን ገልጬ ማሳየት ትቻለሁ።

ነጭ ጥጥ ለብሼ አለቅሳለሁ።