ወንበሩና ውሃው

እታለም ቦርሳ ትሸጣለች። ቦርሳ ሲባል ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸከሙበት እንዳይመስላችሁ። እሷ የምትሸጠው የራሱ መብራት፣ የራሱ መደርደሪያ፣ በር ላይ የራሱ ጥበቃ ያለው ቦርሳ ነው። ዋጋው በውስጥ ኪሱ በተሸጎጠች ትንሽ ካርቶን ላይ፣ መነጽር በሚያስፈልገው ደቃቅ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ የደቀቀው አፍሮ ነው እያሉ ወጣቶቹ ሻጮች ይቀልዳሉ። እታለም የሚለውን ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ከሁሉም ቀድማ የምትገባ፣ ከሁሉም ኋላ የምትወጣ ታላቃቸው ናት። አንዷ እታለም ስትላት ሌላው ተቀበለ፣ አለቃቸውም ሳይቀር ለመደው።

ሥራው ለሚያየው ሰው ቆሞ ፈገግ ማለት ነው። የቆመበት ግን ያውቀዋል። ደንበኛ ሲገባ ስለ ቦርሳ አይነሳም። መጀመሪያ ወንበር ይቀርባል፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ በቀጭን ብርጭቆ ይመጣል፤ ከዚያ ስለ ውሎው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠየቃል። ቦርሳው በባንኮኒው ላይ ተሻግሮ አይሰጥም፤ ሻጯ ዞራ መጥታ በሁለት እጇ ታቀብላለች። አዲስ ልጅ ስትቀጠር የምታሠለጥናት እታለም ናት። እጅሽን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጊ፣ ግን አትጫኚ ትላታለች። ያንገት በላይ ፈገግታ ከሩቅ ይታወቃል፣ ስለዚህ ከመሳቅሽ በፊት የምትወጂውን ሰው አስቢ ትላታለች። እሷ ራሷ የምታስበው እናቷን ነበር። እናቷ ካቻምና አረፉ። ሳቁ ከፊቷ አልጠፋም፣ እጅና እግርም እንደ ቀድሞው ሥራቸውን ይሠራሉ። ውስጧ ግን ኦና ሆኗል።

ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው የእናቷ ነበር፤ አሁን በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። መዝጋቱም መክፈቱም ደስ አይላትም። ከሥራ ስትመለስ እግሯን ጨው ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክርና ሬዲዮ ትከፍታለች። ዜናውን ብላ አይደለም፣ ሰው የሚያወራ እንዲመስላት ነው። ጎረቤቶቿ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ በራቸውን ይዘጋሉ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቀን ትጣላቸው ነበር፤ ጠብም እኮ አንድ ወግ ነው።

ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ በየእሑዱ ይደውላል። ሦስት ነገር ተናግሮ ስልኩን ለሚስቱ ይሰጣታል። የወንድሟ ሚስት ተጫዋች ናት፤ አንድ ጥያቄ ግን ሰልችቷት አያውቅም። እስቲ እውነቱን ንገሪን፣ ያ ሁሉ ዋጋ ለአንድ ቦርሳ ይገባዋል ወይ ትላለች። እታለም ስለ ቆዳው፣ ስለ እጅ ስፌቱ፣ ዕድሜ ልክ ስለሚያገለግለው ዚፕ ታስረዳለች። በወዲያ በኩል ሳቅ ይሰማል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ትላለች የወንድሟ ሚስት፣ ልጆቹም ይስቃሉ፣ እታለምም አብራ ትስቃለች። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ከሳቁ በኋላ ያለው ዝምታ ከሳቁ በፊት ከነበረው የባሰ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ሱቁ ሰው በሰው ሆኖ በዋለበት ቀን፣ ወደ ቤት ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ከነከናት። ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን ምን ላምጣልዎ ብላለች። ስንቱን ደክሞዎታል አይደል፣ ይቀመጡ ብላለች። እሷን ግን ምን ላምጣልሽ ያላት ሰው የለም፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን እናቷ ከሞቱ ወዲህ የለም። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ፣ እሷን ነው። አዘነች። ማዘን ብቻ ሳይሆን ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም። ቤቷ ሳትደርስ ወሰነች። በእረፍት ቀኗ ደንበኛ ሆና ትሄዳለች፤ ወንበር ይቀርብላታል፣ ውሃ ይመጣላታል፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የትኛውን ነው የወደዱት ይላታል። ለግማሽ ሰዓት ያህል የአንድ ሰው ጉዳይ ትሆናለች። ሰው አማራት፤ ሌላ ስም የለውም።

በራሷ ሱቅ አይሆንም። ከከተማው ሌላ ጫፍ የሐር ስካርፍ የሚሸጥ፣ የእነሱን ያህል ስም ያለው ቤት አለ፤ እዚያ የሚያውቃት የለም። አሮጌው ማቀዝቀዣ ሌሊት ሌሊት ሲያቃስት ነው የሚያድረው፣ ለእሱ መለወጫ ብላ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አወጣች። አይዞህ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ታቃስታለህ አለችው። ከማቀዝቀዣ ጋር ማውራት ከጀመረች ሰንብታለች።

በቀኑ ግራጫ ካፖርቷን ለበሰች፣ ጫማዋን እስኪያብለጨልጭ ወለወለች። ሻጭ ከሁሉ በፊት የሚያየው ጫማ መሆኑን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል። ከአውቶቡስ ስትወርድ እንዳትታይ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደች፣ ጥግ ይዛ የጫማዋን አቧራ በሶፍት ጠረገች። ይህን ሁሉ ዓመት በሩን ስትከፍት ኖራ፣ በር ሲከፈትላት ምን እንደሚደረግ ጠፋት። ከዚያ ደንበኞቿን አስታወሰችና እንደ እነሱ አገጯን ቀና አድርጋ ገባች።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ» አለች ሻጯ። ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ ዓይነ ፈጣን ወጣት ናት። ወንበሩ ቀረበ። ውሃው መጣ። መንገዱ እንዴት ነበር ተባለች፤ ጥሩ ነበር አለች። ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ አሳምራ ታውቃለች፤ ልጅቷ ቀጥላ የምትለውን ሁሉ ከአፏ ልትነጥቃት ትችላለች። ቢሆንም ልቧ ሞቀ። ራሷም ገረማት።

«ለስጦታ ነው ወይስ ለራስዎ?»

«ለራሴ» አለች።

ልጅቷ ስካርፎቹን አንድ በአንድ ከመሳቢያ አውጥታ መስታወቱ ላይ ዘረጋቻቸው። ሰማያዊውን አንስታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችላት፣ ጫፉን አስተካከለችላት፣ እጇንም ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ጣል አደረገች እንጂ አልተጫነችም። በደንብ የሠለጠነች ናት፤ እታለም ብታሠለጥናት ኖሮ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ይህን እያወቀች፣ እጁ ትከሻዋ ላይ እስካለ ድረስ ትንፋሿን ያዘች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ሰው ያላት ትመስላለች።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። አንድ ባልና ሚስት ገቡ።

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። እታለም ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በጠራ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» አለች። ሻጯም ከእሷ ጋር እኩል ቃሉን አወጣችው። ሁለቱ ድምፆች ልክ ተለማምደው እንደመጡ ገጠሙ። ባልየው ለሁለቱም እጅ ነስቶ አለፈ፤ ስካርፍ አንገቷ ላይ ያሰረችው ሠራተኛ አይደለችም ብሎ የጠረጠረ አይመስልም። ሌላኛው ሻጭ ተቀበላቸውና ወደ ውስጥ ወሰዳቸው።

እታለም ፊቷ ቀላ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ልጅቷ ግን አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር። ክፋት የለበትም ሳቋ፤ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነው የሳቀችው።

«እትዬ፣ አንቺም የኛው ነሽ እንዴ? ምነው ገና ስትገቢ አትነግሪኝም፣ በከንቱ ስደክም!» አለችና እታለምን መልሳ አስቀምጣ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ቁጭ አለች፣ አንድ እግሯንም ከጫማው አወጣች። የት እንደምትሠራ ጠየቀቻት፣ ስንት ዓመት እንደቆመች ጠየቀቻት። እግር እንዴት እንደሚያብጥ አወሩ፣ ማለትም ልጅቷ አወራች። ለእታለም ይዛ የመጣችውን ውሃ ራሷ ተጎነጨችው። ከዚያ ስለ ደንበኞች ጀመረች። በእናንተም ቤት ወንበር አሟቂዎች አሉ አይደል አለች። ምንም የማይገዙ፣ ወይም አንዲት ነገር ለመግዛት ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ፣ ቤታቸው ሰው የሌላቸው ሴቶች ማለቷ ነው። ባለፈው አንዷ እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ፣ ያምርብዎታል ያምርብዎታል እያልኩ ሰዓቴ አለቀ፣ ምን ታደርጊያለሽ ትስቂያለሽ እንጂ አለች።

ወንበር አሟቂ የሚለውን ስም በእታለምም ሱቅ ያውቁታል። እሷም ራሷ ስንቴ ብላዋለች፣ ስንቴ አብራ ስቃበታለች። ቀስ ብላ ስካርፉን ከአንገቷ ፈታች።

ለልጅቷ ስካርፉን መፍታቷ የዋጋ ነገር መሰላት። ወደ በሩ ገልመጥ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተዪው፣ አትግዢው። እኔና አንቺ እኮ እናውቀዋለን። የዋጋው ግማሽ ለወንበሩና ለውሃው ነው።»

ምክሩ ከልብ ነበር፤ እህት ለእህት የምትመክረው ነው። እታለም ስካርፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየችው። ለወንድሟ ሚስት ስለ ቆዳና ስለ ስፌት ስትደረድር የኖረችው ሁሉ ትዝ አላት። ያን ሁሉ ዓመት መዋሸቷ ሳይሆን፣ እውነተኛውን መልስ እስካሁን አለማወቋ ነው የገረማት።

«እኔ የመጣሁት ለወንበሩና ለውሃው ነው» አለች።

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻትና ሳቋ ቆመ።

«እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ» አለች እታለም። አልተቆጣችም፤ ድምጿም አልጨመረም። «ቤቴ ማንም የለም። አንቺ አልበደልሽኝም፣ ዘመድ አድርገሽ ነው ያጫወትሽኝ። ግን ዘመድ ከሆንን በኋላ ወንበሩ ቀረብኝ። ዋጋውን ሙሉውን እከፍላለሁ። እባክሽ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። እንደማታውቂኝ ሁኚ።»

ልጅቷ ይቅርታ ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ግን ይቅርታ ካለች አሁንም ዘመድ መሆኗ ነው፤ ይህ የገባት ይመስላል። እግሯን ወደ ጫማው መለሰች፣ ተነሳች፣ ሸሚዟን ሳብ ሳብ አደረገች። የተጎነጨችበትን ብርጭቆ ይዛ ሄደች። እታለም ብቻዋን ቁጭ ብላ ጠበቀች። አፍራለች፤ ተነስቼ ልውጣ ወይ ብላም አስባለች፤ ግን የትም የምትሄድበት የለም።

ልጅቷ በአዲስ ብርጭቆ አዲስ ውሃ ይዛ ተመለሰች።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ» አለች። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አለች እታለም።

ለስጦታ ነው ለራስዎ ተባለች፤ ለራሴ አለች። አረንጓዴው ታየ፣ ቀዩ ታየ፣ ሰማያዊው ተመለሰ። ልጅቷ ሥራዋን አንዲት ቃል ሳታጎድል ሠራች። እታለምም ደንበኛ እንደሚያደርገው አመነታች፣ አንዱን አንስታ ሌላውን ጣለች፣ ኋላ ሰማያዊውን መረጠች። ከበስተጀርባ ባልና ሚስቱ በሹክሹክታ ይከራከራሉ፤ ሚስትየው ትፈልገዋለች፣ ባልየው ዋጋውን አይቷል። ከፈለች። ስካርፉ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ሳጥኑም በሪባን ታሰረ።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የደንበኛ ካርዱ። ልጅቷ እስክሪብቶ አንስታ ስምዎን ማን ልበል አለቻት። እታለም እውነተኛ ስሟን ነገረቻት። በዚያ ስም የሚጠሯት እናቷ ብቻ ነበሩ፤ ወንድሟ እንኳ እህቴ ነው የሚላት። ልጅቷ ጻፈችው፤ ከዚያ ሳጥኑን ይዛ ባንኮኒውን ዞራ መጣች፣ በሁለት እጇ አቀበለቻትና ስሟን ጠርታ እናመሰግናለን፣ ደግመው ይምጡ አለቻት።

እታለም ሳጥኑን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች። መውጣት ነበረባት፣ ሁሉም ነገር ተፈጽሟል። አልወጣችም።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አልሰማሁሽም» አለች።

ሰምታታለች። ልጅቷም መስማቷን አውቃለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ስሟን ደግማ ጠራችላት።