መጀመሪያ ወደ ቀኝ

የጎፋው መጋዘን ዘበኛ አስፋልት ሲሻገሩ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ ቀኝ ነው፤ መኪናው ግን በግራቸው ይመጣባቸዋል። ዛሬም በቆሎ ጠባሿ ገዲሴ የነተበ ካፖርታቸውን ጎትታ አስቀረቻቸው።

«ስንቴ ልንገርዎት፣ አባባ?»

«ኬንያ መኪና የሚመጣው በቀኝ ነው፣ ልጄ» አሏት፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ በሞያሌ በኩል ባቄላ አድርሼ፣ ሳሙና ጭኜ እመለስ ነበር።»

አብዮቱ ፈንድቶ የጭነት መኪናቸው ከተወረሰ፣ ከአገር የመውጫ ፈቃድም ከተከለከሉ ስምንት ዓመት አልፏል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የዚህን አገር አልለመዱም?»

«ሚስቴን እዚያው ነው የተውኳት። ከለመድኩማ ቀረሁ ማለት ነው።»

ቀስ ብለው ደግመው ወደ ቀኝ ዞሩ። በዚያ በኩል፣ በአጠገባቸው ባለው መስመር፣ የሚታየው የሚሄዱት መኪኖች ጀርባ ብቻ ነበር።