ዘይት የጠጣው ዳማ

ሞባይል ጎንደር በገባ ሰሞን አባቴና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአንዲት የለስላሳ ቆርኪ ተኳረፉ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሳቸው ደግሞ ሱቃችን በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ዳማ ነው። የአባቴ ቆርኪዎች ይደፋሉ፣ የልብስ ሰፊው ይንጋለላሉ፤ የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው። አንድ ቀን አባቴ እንደ ልማዱ ጧ! አድርጎ ሲመታ አንዷ ተስፈንጥራ ተገለባብጣ መሀል አረፈች። የማን ናት? «የኔ ናት!» «የኔ ናት!» ልብስ ሰፊው መኪናቸውን አንሥተው ማዶ ካለው በረንዳ ገቡ። በዓል መጥቶ አለፈ፣ እንኳን አደረሰህ የለም። አባቴ ደንበኛ ላይ መቆጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ ኩርፊያ ያንቀኛል።

ታዲያ ሰልባጅ ተራ ስዞር አንድ ፌስታል ሙሉ ክብ ክብ ነገር አየሁ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር።

«ፈረንጅ ቁማር ሲጫወት በብር ፈንታ የሚያስይዘው ነው» አለኝ ሻጩ።

ጮቤ ረገጥኩ! ቢገለበጥም ቀዩ ቀይ ነው!

ቤት ገብቼ በለብታ ውኃና በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፍኳቸው። ጠርዛቸውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ውኃው አተላ መሰለ። ሲደርቁ ግን አመድ ለበሱ። አመዳም እግር ምን እንደሚወድ ማን ያጣዋል? ማዶ ሮጬ ልብስ ሰፊውን የስፌት መኪና ዘይት ለመንኳቸው።

«ምነው፣ ያባትሽ መቀስ ዛገ?» ብለው ጠርሙሷን ሰጡኝ።

በጨርቅ ሳሻቸው ቀዩ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ጥቁሩ አብለጨለጨ! ለብቻዬ ሳቅሁ። ዘይቱን እስኪመጥጡት ማደር ነበረባቸው፤ ግን ማን ይታገሣል! በዚያው ከሰዓት ሰሌዳውን በረንዳችን ላይ ዘርግቼ አባቴን አስቀመጥኩ። ልብስ ሰፊውንም «ዘይትዎ የሠራውን ይዩ» ብዬ አመጣኋቸው።

አባቴ አንዱን አገላብጦ አየው። «ይሄ የቁማር አይደለም?»

«በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ አባባ!»

ልብስ ሰፊው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ተቀመጡም። ቀዩ ለአባቴ፣ ጥቁሩ ለሳቸው። ቀና ሳይሉ ተጫወቱ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ከዚያ አባቴ፣ ያ አመሉ፣ ጧ! ቀዩም ጥቁሩም ሙልጭ ሙልጭ ብሎ ግማሹ ከሰሌዳው ወረደ። አለቀልኝ አልኩ።

ልብስ ሰፊው ጣታቸውን አሸተቱ። «የኔው ዘይት ነው» አሉ። ጎንበስ ብለው አንድ ቀይ አነሡና «ያንተ እዚህ ነበረ፣ ልትነግሥ» ብለው ጫፍ አደረሱለት።

«የለም፣ እዚህ ነበረ» ብሎ አባቴ ወደ ኋላ መለሰው።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያችም ቆርኪ ያንተ ነበረች» አሉት።

«ያንተ ነበረች!»

«የቁስቋሟን! ያንተ ናት አልኩህ!»

«ወላሂ አልወስድም!»

ሱቅ እስኪዘጋ ተጨቃጨቁ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። በማግሥቱ ጠዋት የስፌት መኪናዋ በረንዳችን ላይ ነበረች።