ከደባርቅ ተነሥተን ዓሣ ቤት ጾመን ዋልን

ረቡዕ ንጋት፣ ደባርቅ

መናኸሪያው ገና ጨለማ ነው። ረዳቱ "ጎንደር! ጎንደር!" እያለ ይጮኻል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባዬ ትናንት ከደረስጌ መጥተው እኔ ቤት አድረዋል። እኔ እዚሁ ደባርቅ አስተማሪ ነኝ፤ ፈቃድ ወስጃለሁ። አዲስ አበባ የምንሄደው ለታናሽ ወንድሜ ለጌታሁን ብለን ነው። ጌታሁን እዚያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሰላም የምትባል ልጅ ወዶ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቷ አቶ ዘውዱ ግን "ቤተሰቡን ሳላይ ልጄን አልሰጥም" ብለዋል። እንግዲህ ለመታየት የምንሄደው እኛ ነን። ከመነሣታችን በፊትም ተናድጃለሁ።

ዳባት ላይ ሾፌሩ ድንች ሊጭን ቆመ። ጆንያው ጣራ ላይ እስኪወጣ ከአባዬ ጋር ወግ ያዘ።

"አባት፣ ወዴት ነው?"

"አዲስ አበባ። ልታይ።"

"ለሐኪም ነው?"

"የለም፣ ለአማች።"

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አባዬም ሳቁ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ አቧራ ነው፤ ጎንደር ስንደርስ ቅንድባችን ሳይቀር ቀልቶ ነበር። መኪና ቀይረን ባሕር ዳር አደርን።

ሐሙስ፣ ዓባይ በረሃ

ሙቀት፣ ጠመዝማዛ፣ የፍሬን ሽታ። ጎሐ ጽዮን እንደወጣን ጌታሁን ደወለ።

"ነገ ምሳ ዓሣ ቤት ነው። ጾም ስለሆነ ለአባዬ ይስማማል ብለው ነው። አቶ ዘውዱ ቅዳሜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚወጡ ሌላ ቀን የላቸውም።"

"አባዬ በሁዳዴ ዓሣ አይበሉም እኮ! ምነው ሳትነግራቸው?"

መስመሩ ተቋረጠ። በእኛ አገር ሁዳዴን የያዘ ትልቅ ሰው ዓሣን ከሥጋ አይለየውም፤ ከተሜው ደግሞ የጾም ምግብ ነው ብሎ ይሻማበታል። ለአባዬ ነገርኳቸው።

"ይሁን፤ የምናየው ሰው እንጂ ዓሣ አይደል" ብለው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

አርብ፣ ምሳ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ዓሣ ቤቱ በከተማው ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ጌታሁን እንዳለው ሁሉም ጋ ያው ሰማያዊ ወንበር፣ ያው ሜኑ፣ ያው ዳጣ ነው። ሰው በር ላይ ተሰልፎ ወንበር ይጠብቃል። ውስጡ የዘይት ሽታ፣ የተጨመቀ ሎሚ፣ የሹካ ጫጫታ። አንዱ በጣቱ አጥንት ይለቅማል፣ ሌላው የጉላሹን ሳህን በዳቦ ይጠርጋል። ቤቱ ደስ ይላል፤ አልዋሽም።

ከሰላም ጋር ተቀምጠው የጠበቁን አቶ ዘውዱ ተነሥተው አባዬን አቀፏቸው። ሙሉ ጥብስ፣ ጉላሽና ኮተሌት ቀድመው አዘው ኖሯል፤ ትልቁን ዓሣ አባዬ ፊት አስጠጉት።

"ለእርስዎ ብዬ ነው እዚህ የመረጥኩት። የጾም ነው፣ ይብሉ።"

"እግዜር ይስጥልን። እኔ በሁዳዴ ዓሣ አልቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላም እህል በአፌ አይገባም።"

"የእኛ የንስሐ አባት ፈቅደውልናል እኮ።"

"እንግዲያ አንቱ ይብሉ። የእኔው አልፈቀዱልኝም።"

ከጎናችን አንድ ጎረምሳ ከት ብሎ ሳቀ። ዞሬ አፈጠጥኩበት፤ ሳቁን ከዓሣው ጋር ዋጠው። የአቶ ዘውዱ ፊት ግን ጠቆረ።

"ዛሬ ገበታዬን የናቀ ነገ ልጄን ይንቃል። ማዕዴን ላልነካ ሰው ልጅ አልሰጥም።"

ጌታሁን በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨመቀኝ፤ ትንሽ ይቅመሱ በያቸው ማለቱ ነው። አላልኩም። አባዬ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ሊታዩ ነው፤ ታዲያ ሌላ ሰው ሆነው ይታዩ?

"የናቅሁት የለም" አሉ አባዬ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። "ይኸው ገበታዎ ላይ ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ሲሞላ ዳቦውን አብረን እንቆርሳለን። አይሆንም ካሉ ልጅዎም ልጅዎ፣ ጾሜም ጾሜ።"

እስካሁን አንድ ቃል ያልወጣት ሰላም ሹካዋን አስቀመጠች፤ ጉላሹን ከፊቷ ገፋችው።

"እኔም ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ።"

"አንቺ ደግሞ! ቁርስሽን በልተሽ የምን ጾም ነው?" አሉ አባቷ።

"አልበላሁም። ጨንቆኝ ነበር።"

እኔም ሳህኔን ገፋሁ፤ ጌታሁንም ተከተለ። አስተናጋጇ መጥታ "ወንበር የሚጠብቅ ሰው አለ" አለችን።

"እኛም እየጠበቅን ነው" አልኳት።

አቶ ዘውዱ ብቻቸውን ጥቂት ጎረሱ፤ አልወርድ አላቸው መሰለኝ ሄደው ታጠቡ። ዓሣው ቀዘቀዘ፣ ዘይቱ ረጋ። ሁለቱ አባቶች መጀመሪያ ተኳርፈው፣ ቀጥሎ አባዬ ስለ ገብሳቸው፣ አቶ ዘውዱ ስለ ሲሚንቶ ሥራቸው እያወሩ ቆዩ። ሰላም ሆዷ ሲጮኽ ለሁላችንም ተሰማን፤ አንገቷን ደፋች እንጂ ሹካዋን አላነሣችም።

ሰዓቱ ሲሞላ አባዬ አማትበው ዳቦውን ቆረሱ፤ የመጀመሪያውን ለአቶ ዘውዱ አጎረሷቸው። አቶ ዘውዱ እያላመጡ ልጃቸውን አዩ።

"እኔ አባቷ ሆኜ እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ አስጹሜያት አላውቅም" አሉ። "በሉ ውሰዷት።"

"ከብት ናት እንዴ የምንወስዳት?" አሉ አባዬ፤ ወደ ሰላም ዞሩ። "ልጄ፣ አየሽን። ትፈልጊናለሽ?"

አፏ በዳቦ ሞልቶ ነበር።

"እፈልጋለሁ" አለች፣ ሳትውጥ።