በኀምሳው የጾሙት እማሆይ

እኛ ሰው ዓይናችን እያየ በረሃብ ሲከሳ «እንዴት ያሉ ጾመኛ ናቸው!» ብለን እጅ የምንነሣ ሰዎች ነን። ይህን የምለው ለመሳደብ አይደለም። እማሆይ ወለተ ኢየሱስን ያደረግናቸው ይህንኑ ስለ ሆነ ነው።

እማሆይ የሚኖሩት ከዘመሮ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ ከማያርፍበት ሜዳ ላይ ነው። ዘንድሮ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። በጉልበታቸው ዘመን ከባላቸው ከዮሴፍ ጋር ገብስ ዘርተዋል፣ በግ አርብተዋል። እሳቸው በፈተሉት የበግ ጸጉር የተሠራ የብርድ ልብስ፣ ባና፣ ስንቱን ቤት እንዳሞቀ ቁጥሩን አያውቁትም። ልጅ ግን አልወለዱም። የሟች እኅታቸውን ልጅ ወሰንየለሽን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አዝለው አሳደጉ፤ ለወግ ለማዕረግም አበቁ። ዮሴፍ ሲሞቱ ቆብ ደፍተው መነኮሱ። አቅም ሲያንሳቸው ደግሞ ወሰንየለሽን ጠርተው «ልጄ፣ ጡሪኝ፤ ስሞት ቅበሪኝ» አሏትና ሁለት ጥማድ መሬታቸውን በስጦታ ውል አዛወሩላት።

የመጀመሪያው ዓመት ደኅና ነበር፤ አልዋሽም። ወሰንየለሽ ክፉ ሆና አልተነሣችም። አራት ልጆች አሏት፤ ባሏ ጌጡ ለቀን ሥራ እየሄደ ወር ሁለት ወር ይጠፋል። መጀመሪያ የእማሆይ ቁርስ ቀረ፤ ጠዋት ጸሎት ላይ ናቸው ተባለ። ከዚያ ምሳው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተገፋ። ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ አንዳንድ ቀን ይረሳል። የራሳቸው ፈትል የሆነው ባና ለልጆቹ ተወሰደ፤ እሳቸው በአንድ ነጠላ ጋቢ ከምድጃው ርቀው ይተኙ ጀመር። ሲከሱ አየናቸው። ጉንጫቸው ሲጎደጉድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሦስቴ አራቴ ድንጋይ ላይ ሲያርፉ አየን። ምን አልን? «ጸጋ ነው» አልን። የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ክርስቶስ ሳይቀሩ በገና ጾም ሰሞን ከዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው «እንደ እማሆይ ጹሙ» ብለው ሰበኩ።

ወሰንየለሽም ሰማች። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት ሁሉ መልሱን ራሱ ይዞላት ይመጣ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን ነው። ጌታነሽ የምትባል የበግ ጸጉር ነጋዴ ጎረቤት አለቻቸው፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ሌላ ነው። በሶ ቋጥራ መጣች። ወሰንየለሽ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣለች።

«እማሆይን ልጠይቅ ብዬ ነው። በሶ ይዤላቸዋለሁ።»

«አስቀምጪው። ገና ዘጠኝ ሰዓት መች ሞላ? ይጾማሉ እኮ።»

«ምን?»

«ይጾማሉ! ዛሬ ረቡዕ አይደል?»

«አንቺ፣ ፋሲካን የት ውለሽ ነው? በኀምሳው ረቡዕ ማን ይጾማል?»

«እሳቸው እንዳንቺ ናቸው እንዴ? መነኩሲት ናቸው!»

«መነኩሲትስ ብትሆን ከትንሣኤው ትበልጣለች? ወግጂ ከፊቴ!»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም እንደሌለ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ወሰንየለሽም ታውቃለች። አንድ ቃል ስትደጋግም ቀኑን መቁጠር ረሳች፤ እኛም አብረናት ረሳን።

ጌታነሽ ገባች። እማሆይ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ውሃ ሳይነካው፣ ደረቁን ዱቄት ይቅሙ ጀመር። ሳል አነቃቸው። እያሳሉም እጃቸው ወደ አፋቸው መሄዱን አልተወም።

«ምነው እማሆይ? ልበጥብጥልዎት እንጂ!»

«ዝም በይ። በሩን ዝጊው።»

ጌታነሽ ዘጋችው። እማሆይ ከበሉ በኋላ እጇን ይዘው ለመኗት። ለማንም እንዳትናገር። ወሰንየለሽን ፈርተው ብቻ አይደለም። «ጾመኛ እየተባልኩ እጄን ተስሜያለሁ» አሏት። «ርቦኝ ነው ካልኩ፣ ያ በእውነት የጾምኩት ሁሉ ውሸት ነው ሊባል ነው። ሌላ ምን አለኝ? ደግሞ ብትቀየመኝ ማን ይቀብረኛል?»

«እማሆይ፣ በዚህ ዓይነት መቀበሩስ ሩቅ አይደለም» አለች ጌታነሽ። በቀጥታ ወደ ቄሱ ቤት ሄደች።

ቅዳሜ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ጠበል ሊረጩ መጡ። ወሰንየለሽ ለቄስ እንደሚገባ መሶብ አቀረበች፤ ዶሮው ከነእንቁላሉ፣ ጠላው ከነማንቆርቆሪያው። በቤቱ እህል እንዳልጠፋ ጌታነሽ ከበሩ ሥር ቆማ ታያለች።

«እማሆይም ይምጡና አብረን እንቅመስ» አሉ ቄሱ። «ዶሮውን ለእኛ ትተው ሽሮ ቢሆን።»

«አባቴ፣ እሳቸው አይበሉም። ይጾማሉ።»

«ማንን አስፈቅደው? የንስሐ አባታቸው እኔ ነኝ፤ በኀምሳው ጹሙ አላልኩም።»

ወሰንየለሽ ወደ አክስቷ ዞረች። «ይንገሯቸዋ እማሆይ! እኔ ከልክያለሁ?»

የእማሆይ አሳዳጊነት፣ ስም፣ መቃብር በዚያች መልስ ላይ ነበር። ቄሱ አልቸኮሉም፤ እንጀራውንም አልነኩም።

«ዐቢይ ጾምን የጾምኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ አይደለም። ርቦኝ ነው፣ አባቴ።»

ወሰንየለሽ አለቀሰች። «ሰው ሁሉ አይበሉም ሲለኝ እኔም አመንኩ» አለች። አመንኩ! መሬታቸውን እያረሰች፣ ገብሳቸውን እያሰጣች፣ ረሃባቸውን ሰው ነግሯት አመነች። ለቅሶዋ ውሸት ነበር አልልም። ግን ያለቀሰች ሁሉ ታዝናለች ማለት አይደለም።

ቄሱ ከተቀመጡበት ተነሥተው የእማሆይን እግር ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ እማሆይ ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ። «ሳልጠይቅ ያመሰገንኩዎት እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ። «እስክፈቅድልዎ ድረስ አይጾሙም። በቀን ሦስት ጊዜ ይበላሉ። ይህ ቀኖናዎ ነው።»

በዚያው ቀን ጌታነሽ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ሰኞ ዕለት በባጃጅ ዘመሮ ወርደው፣ መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ውሉ እንዲፈርስ አመለከቱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሐምሌ ላይ ፈረሰ። የተዘራው ገብስ እንዴት ይሁን ሲባሉ «የዘራችውን ታንሣ፤ ልጆቹ ምን አጠፉ?» አሉ። ጌታነሽ በዚህ የተነሣ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻቸው።

ሰው የማያየው ሌላ ሌብነት አለ። የሐዋርያት ጾም ሲገባ አገሩ ጾመ፤ እማሆይ በልጅነታቸው እንኳ ሽረውት የማያውቁትን ጾም በቁርስ ሰዓት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። እንባቸው ሳህኑ ላይ ይወርድ ነበር። ወሰንየለሽ የወሰደችባቸው ምግብ ብቻ አልነበረም። ወደው የሚተዉትንም ነገር ወስዳባቸዋለች።

ፍልሰታ ሲቃረብ ቄሱን አስጠሩ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፍቀዱልኝ።»

«አይሆንም።»

«እሺ፣ እስከ ስድስት።»

«እስከ ሦስት ሰዓት።»

«ሦስት ሰዓት ማለት ቁርስ ነው እንጂ ምን ጾም ነው፣ አባቴ! ሕፃን ነኝ?»

ጌታነሽ ከወዲያ ሆና «በሰዓቱ ሳህን ይዤ ከፊታቸው እንደማልጠፋ ያውቃሉ፤ ይፍቀዱላቸው» አለች። ቄሱ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ፤ እጃቸውን አነሡና ስድስት ሰዓትን ፈቀዱ።

በመጀመሪያው ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጌታነሽ ሽሮውን አቀረበች። እማሆይ መዝሙረ ዳዊታቸውን ሳያጥፉ በጣታቸው «ትንሽ ቆዪ» አሏት። ምግቡ ቢቀዘቅዝም አልቸኮሉም። ጌታነሽም እያጉረመረመች ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ጠበቀቻቸው።